ሚጣን ለማሠልጠን ለተነሣው ወንድሜ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእህትነት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንዴት ሰነበቱ? ወገቤን ቆረጠኝ ብለው ነበር፣ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ያስቸግርዎታል? እትዬ እንዴት ናቸው? ማሙሽ ጥርስ ማብቀሉን ሰምተናል፣ ትኩሳቱ ለቀቀው? አማትዎስ አዲሱን መነጽር ለመዱት? ሚጣዬስ እንዴት ናት? እኛ ከናፍቆት በቀር ምንም አልሆንንም። የእማዬ ጉልበት ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ደረጃ ሲያይ ግን ያኮርፋል። የጓሮው በር ማጠፊያው ወልቆ ነበር፣ አናጢው መጥቶ አስተካከለው። ድመቷ ወለደች። ሌላው ሁሉ እንደነበረ አለ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የጻፍኩት ለዕረፍት ቀኔ እማዬ ዘንድ መጥቼ፣ እሷ ከጀርባዬ ቆማ ነው። ፊደል ባትለይም የእኔን ፊት ማንበብ ትችላለች፤ ስለዚህ ፊቴንም እጄንም አሳምሬ ነበር። አሁን ጎረቤት ሄዳለች፣ ጨዋታ ከያዘች ቶሎ አትመለስም። አንቱታውን እዚህ ላይ አቆማለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለህ፣ በልጅነቴ አዝለህ አሳድገኸኛል፣ ይህን ሁሉ አልካድኩም። ግን አንቱ እያልኩ የጀመርኩት ክርክር ሁሉ መጨረሻው «እሺ ጋሼ» ነው፤ ዛሬ ደግሞ እሺ ለማለት አልተቀመጥኩም። በስልክም ያልደወልኩልህ ለዚሁ ነው። በስልክ ገና አፌን ስከፍት ትቀማኛለህ። ወረቀት መሀል ገብተህ ልታቋርጠኝ አትችልም።

ነገሩ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት በላክህልኝ መልእክት ልጅህን ሚጣን ሩጫ ማሠልጠን መጀመርህን አፍህን ሞልተህ ነገርከኝ። አሥር ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት በፊት ታስነሣታለህ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሰዓት ይዘህ በብስክሌት ከኋላዋ ትከተላታለህ። ከሥሩም «አንቺን እንዳሠለጠንኩሽ ነው የማሠለጥናት» ብለህ ጨመርክ። ይህን ስትሰማ እህቴ ደስ ይላታል ብለህ የጻፍከው ይመስለኛል። ሥራ ቦታ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ እጄ ላይ የነበረውን የታጠፈ አንሶላ ሁሉ መሬት ጣልኩት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ልጅቷን እንድትተዋት ነው። ሌላ ምንም ጉዳይ የለኝም። የቀረውን የምተርክልህ ለምን እንደምልህ እንዲገባህ ነው።

«አንቺን እንዳሠለጠንኩሽ» ማለት ምን እንደሆነ አንተ ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ በስልክ አሠልጥነኸኛል። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ስንት ዙር ሮጥሽ፣ በስንት ደቂቃ፣ ምን በላሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ። ልደቴን የምትረሳ ሰውዬ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓቴን እስከ ሰከንድ ሽርፍራፊው ድረስ ታውቅ ነበር። እኩዮቼ ተሰብስበው ሲስቁ እኔ ዳገት እወጣ ነበር። ሩጫ እወድ እንደሆነ ጠይቀኸኝ አታውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም፣ ጥያቄው መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ያ የአምስት ሺህ ሜትር ውድድር መጣ። ዘንድሮ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅልጥሜን ያመኝ ነበር፤ ጣቴን ሳሳርፍበት እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ነበር። በዋዜማው ነገርኩህ። አንተ ምን እንዳልከኝ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ያመመሽ እግርሽ አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ ነገ ስትሮጪ ይለቅሻል» አልከኝ። እሺ ጋሼ አልኩህ። በሰባተኛው ዙር አጥንቴ ተሰነጠቀ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ ሌላ ሰው ይስማው አይስማው አላውቅም። ሐኪም ቤት ጀሶ ሲያደርጉልኝ እማዬ ያንተን ድምፅ ሰምታ ትጽናና ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስደገፈችልኝ። ከአፍህ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ስንተኛው ዙር ላይ ነው?» የሚል ነበር። ሰባተኛው አልኩህ። «አምስት ዙር ተኩል ብቻ ነበር እኮ የቀረሽ» አልከኝ። ጋሼ፣ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከስብራቱ ይልቅ ያቺ «ብቻ» ናት የምታመኝ። ይቅርታ ትጠይቀኛለህ ብዬ አንድ ዓመት ጠበቅኩህ፣ ከዚያ መጠበቁ ራሱ ሰለቸኝና ተውኩት።

ጀሶው ሲፈታ የመሮጫ ጫማዎቼን ለሰው ሰጥቼ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠርኩ። አንተ ለሰው ስታወራ «ሆስፒታል ነው የምትሠራ» ትላለህ አሉ፣ ነርስ የሆንኩ እንዲመስል። ነርስ አይደለሁም። አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ። አራት ማሽን አለን፣ አንደኛው ሁልጊዜ ያፈሳል፣ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥለታል። አንሶላ ማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ጫፍና ጫፍ ይዘን እንራራቃለን፣ እንቀራረባለን፣ እናወራለን። ሥራውን እወደዋለሁ። ማንም ቆሞ ሰዓት አይዝብኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ቢያመልጠኝ እንኳ ሮጬ አልተከተልኩም፤ ቆሜ ሲሄድ አየዋለሁ።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ወጥቼ እማዬ ዘንድ ሃያ ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ግዢ ብላኝ ስወጣ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ዳቦው እንዳይረጥብ በሹራቤ ስር ወሽቄ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሸራ ጫማ ነው ያደረግኩት፣ ቀሚሴ ጉልበቴ ላይ ይጠመጠማል፣ እኔ ግን እስቃለሁ። ምን እንደሚያስቀኝ አላውቅም። ቤት ስደርስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ማን አባረረሽ?» አለችኝ። ማንም አልኳት። ትንሽ አየችኝና ፎጣ ልታመጣልኝ ገባች።

በማግስቱ ዝናብም ዳቦም ሳይኖር ወጣሁ። ወደ ግድቡ የሚወስደውን መንገድ ታውቀዋለህ፣ አንተ «ለፍጥነት ልምምድ ጥሩ ነው» ትለው የነበረውን። ለሌላም ነገር ጥሩ ነው ጋሼ። ሲደክመኝ ቆምኩ። የግድቡ ዘበኛ ሸሚዞቹን በአጥሩ ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ሲያሰጣ ቆሜ አየሁት፤ ሰባት ሸሚዝ ነበር፣ ሁሉም ሰማያዊ። ሰዎች ጀልባ ገልብጠው ቀለም ሲቀቡ አየሁ፣ አንደኛዋ ብሩሽ ሰጠችኝና ትንሽ ቀባሁ። ከዚያ እንደገና ሮጥኩ። በየቀኑ ሄድኩ። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን እስከ መታጠፊያው ደርሼ ተመለስኩ። ቅልጥሜን አላመመኝም። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሩጫ እንደምወድ አወቅሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእማዬም ሽርሽር ነው አልኳት። የእኔ ብቻ የሆነ ነገር በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። የድሮ ክለቤ አሠልጣኝ ፊሽካ ነው፣ ያ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው ፊሽካ ስሙን ያገኘው። ድምፁን ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነው። እንኳን ደስ አለሽ፣ ተመልሰሻል አሉ አለኝ። ከየት ሰማህ አልኩት። የመጀመሪያው ቀን ስንት ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ቀን ስንት፣ የቱ ጋ እንደቆምኩ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ ዘረዘረልኝ። ጀልባ የቀባሁባትን ሃያ ሦስት ደቂቃ ሳይቀር። «ወንድምሽ ነው የላከልኝ፣ በመሀል እየቆመች ታስቸግራለች ብሎኛል» አለ።

ለካ የእጅ ሰዓቱ ነው። ባለፈው ዓመት በጓደኛህ እጅ የላክህልኝ፣ ለሥራ ፈረቃዬ ይሆናል ብዬ የመረቅኩህ። ጓደኛህ ላስተካክልልሽ ብሎ ስልኬን ሲነካካ የቆየውም ለዚሁ ኖሯል። ስሮጥ ሰዓቱ ራሱ አውቆ ይመዘግባል፣ መዝገቡ አንተ ዘንድ ይደርሳል። ዓመት ሙሉ እጄ ላይ አስረኸው ስትጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ዘበኛውን ቆሜ ሳይ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ታየኛለህ። ደሜ ፈላ። ያን ቀን ግድቡ ዘንድ ሄድኩ፣ ግን ምን እንዳየሁ አላውቅም፤ ያቺን ትንሽ ነገሬን ወስደህብኛል።

እንግዲህ አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብብ። በማግስቱ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ዳቦ በብስክሌት የሚያደርሰው ሰውዬ በየቀኑ ለግድቡ ሠራተኞች መኖሪያ ያመላልሳል፤ መንገዱ አሥር ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ፣ መቆሚያ የለውም። ሰዓቱን ፈትቼ የብስክሌቱ መሪ ላይ አሰርኩት። ስመለስ እሰጥሻለሁ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። አምስት ቀን ሙሉ እንዲህ አደረግን። አዎ ጋሼ። አንዱን ኪሎ ሜትር በሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ የሮጠችው እህትህ አይደለችም። ዳቦ ነው።

የላክህልኝን መልእክቶች አልሰረዝኳቸውም፣ አንጀቴን ቅቤ ስላጠጡት። በመጀመሪያው ቀን «አላልኩሽም?» አልክ። በሁለተኛው ቀን «በስልክ የዘራሁት ዘር ዛሬ በቀለ» አልክ። በሦስተኛው ቀን የልብ ምትሽ አልተመዘገበም፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጊው ብለህ መከርከኝ። ብስክሌት ልብ እንደሌለው ለማስረዳት እጄን በላኝ፣ ግን ቻልኩት። አሥራ አምስት ዓመት ሯጭ ነበርኩ የምትል፣ እግር አይቼ ሰው አውቃለሁ የምትል ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት አንሶላ ስታጥፍ የኖረች ልጅ በአንድ ሌሊት እንዲህ ትፈጥናለች ብለህ አመንክ። ያመንከው ስለፈለግክ ነው። እኔን ብታየኝ ኖሮ አታምንም ነበር፤ አንተ ግን ከቁጥሩ በቀር አይተኸኝ አታውቅም።

ፈቃዴ አልቆ ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ፊሽካ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጣ። ያንተን ቁጥሮች በወረቀት ይዟል። ለከተማው የአሥር ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ፊት መስመር ላይ ከሚሰለፉት ጋር ሊያስመዘግበኝ ነበር። ደብቄ ልቀጥል አስቤ ነበር፣ ግን እኔ ከገባሁ ከክለቡ ሌላ ልጅ ቦታዋን ታጣለች፣ እሷ ምን አደረገችኝ። እውነቱን አወጣሁት። ፊሽካ የታጠፈው አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የክፍሉ ኃላፊ ሳትቀር መጥታ ምን ሆኖ ነው አለች። ወረቀቱን ቀዶ ባልዲው ውስጥ ጨመረና ሊሄድ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «እሺ፣ ብስክሌቱን እንተወው። አንቺስ መወዳደር ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ አንሶላ እያጠፍኩ ሳስብ ቆየሁ። የሚያስቀኝ ነገር ያስፈራኝም ነበር፤ ተመልሼ ብገባ ያቺ የዝናቧ ቀን ትጠፋብኝ ይሆን ብዬ። ከዚያ ሄጄ አዎ አልኩት፣ በሁለት ነገር ተስማምተን። ሰዓት አላስርም። መቼ እንደማቆም የምወስነው እኔ ነኝ። ፊሽካ ሁለተኛው አልተዋጠለትም፣ ግን እሺ አለ። ሦስተኛም ነበረኝ፤ አንተ እንዳትሰማ። ለዚህ ብዙም መለመን አላስፈለገኝም፣ ስለ ዳቦው ምን ብሎ እንደሚነግርህ እሱም ጨንቆት ነበር።

ውድድሩ ያለፈው እሑድ ነበር። የተሰለፍኩት ከኋላ ነው፣ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪና ሁለት የባንክ ሠራተኞች መሀል። ልዋሽህ አልፈልግም፤ መነሻው ላይ ድምፅህን ፈለግኩት። ትከሻሽን አውርጂ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ለሌላ ሰው ተዪለት። ያስተማርከኝ ሁሉ ትክክል ነው፣ ሁሉንም አደረግኩት። እጅግ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ አሠልጣኝ ብትሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቅልጥሜን ቆነጠጠኝ። ያው ቦታ። ከላይ እስከ ታች ቀዘቀዝኩ። ድምፅህም አልቀረም፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀረሽ አለኝ። እኔም ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያልፈኛል፣ እኔ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አጥንቴን በጣቴ ከላይ እስከ ታች እየተጫንኩ ዳሰስኩት። ውኃ የምታድለዋ ሴትዮ ምን ሆንሽ ብላ ጎንበስ አለችልኝ። እግሬን እየጠየቅኩት ነው አልኳት። ቁንጥጫው ለቀቀ። ትንሽ በእርምጃ ሄድኩ፣ ደህና ነው፣ ትንሽ ሶምሶማ፣ ደህና ነው። ከዚያ ሮጥኩ። ጋሼ፣ እንዲያ ሮጬ አላውቅም። አስተማሪውን የመጨረሻው ዳገት ላይ ደረስኩባቸው፣ ነይ ነይ አሉኝ። እየሳቅኩ ነው የገባሁት። በመጪው ወር ሌላ ውድድር አለ፣ ተመዝግቤያለሁ።

ስንተኛ እንደወጣሁና በስንት ሰዓት እንደገባሁ አልነግርህም። ፊሽካም አይነግርህም። ይህን እስከዚህ ድረስ ስታነብ ዓይንህ ቁጥሩን ሲፈልግ እንደነበር አውቃለሁ፣ ወረቀቱን ገልብጠህም ትፈልገው ይሆናል። የለም። እንዲያናድድህ ብዬ ነው፣ አልደብቅህም። ግን ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ እኔ ሌላ ነገር እንድትጠይቀኝ እፈልጋለሁ። ምን ብለህ እንደምትጠይቅ ካላወቅክ እማዬን አማክራት።

ሚጣን የሚመለከተውን ባጭሩ ልጨርስ። ልጅቷ መሮጥ ከወደደች ትሩጥ፣ እኔ የምከለክላት ሰው አይደለሁም። ብስክሌቱን ግን ከኋላዋ አንሣ። ሰዓቱን ኪስህ ክተት። ዛሬ መሮጥ አልፈልግም ስትልህ ተመልሳ ትተኛ። ይህ ካቃተህ ወገብህን አሞሃልና አንተ ዕረፍ፣ እሷን ለእናቷ ተዋት። እምቢ ካልክ ለእትዬ ስለዚያ ሰባተኛ ዙር እኔው እጽፍላታለሁ፤ ያን ቀን የወደቅኩት ተሰናክዬ እንደሆነ እንደነገርካት አውቃለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት ትዳርህን አክብሬ ነው።

እማዬ መጣች፣ ምን ጽፈሽ ነው ይህን ያህል የቆየሽ ብላኛለች። አንብቢልኝ ስትለኝ ከላይ ያለውን፣ የበሩንና የድመቷን አነበብኩላት። እንዴት ያለ ጨዋ ደብዳቤ ነው ብላ አመሰገነችኝ። እሷም ወገብህን በሙቅ ውኃ እንድትይዘው ትልሃለች፣ ትስምሃለች፣ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች።

እትዬን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልኬ ነው፣ በየቀኑ እለብሰዋለሁ። አማትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ መነጽሩ ካስቸገራቸው እጀታውን ሞቅ ባለ ውኃ አለስልሰው ይሞክሩት። ማሙሽን ጉንጩን ሳምልኝ፣ እንዳይነክስህ ተጠንቀቅ፣ ጥርሱ አዲስ ነው።

ሚጣን ሳምልኝ ብዬ አልልክህም፣ ትናንት እኔው ራሴ አነጋግሬያታለሁ። አንተ ገላህን ስትታጠብ በእናቷ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። «አክስቴ፣ ሰው እየሮጠ ቢያመው ማቆም ይችላል?» አለችኝ። ይችላል፣ እኔም ባለፈው እሑድ ቆሜያለሁ አልኳት፤ ስለ መንገዱ ጠርዝ፣ ስለ ውኃዋ ሴትዮ ነገርኳት። ከዚያ «ማን ተቆጣሽ?» አለችኝ። ማንም አልተቆጣኝም አልኳት። አላመነችኝም።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር ፱ ቀን